በእንግሊዝ አገር ለካውንስል መወዳደር፦ ከመራጮች መዝገብ እስከ ኮሮጆ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለካውንስል፣ ማለትም ለአካባቢው ምክር ቤት፣ ስወዳደር ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ነገር አዳራሽ መከራየት ነበር። ሰሜን ለንደን ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ተናገርኩ፣ ተጨበጨበ፣ ሽማግሌዎች መረቁኝ፣ አንዲት እህት እልልታውን አቀለጠችው። ያን ማታ ያሸነፍኩ መስሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ የምርጫ ወኪሌ፣ ሰባ ያለፋቸው እንግሊዛዊ አዛውንት፣ የመራጮች መዝገቡን በብብታቸው ይዘው መጡና በር ላይ ካስፈረምነው ዝርዝር ጋር ስም በስም አመሳከርን። ከመቶ ሃያው ሰው ውስጥ በእኔ ዋርድ፣ ማለትም በምወዳደርበት የምርጫ ቀበሌ፣ ድምፅ መስጠት የሚችለው ዘጠኝ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ከሌሎች የለንደን ካውንስሎች፣ ከብሬንት፣ ከላምቤዝ፣ ከካምደን የመጣ ነው፤ ጥቂቱም ጭራሹን የመምረጥ መብት የለውም።

ተሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሌሎችም ብዙ ዘመቻ ላይ ሠርቻለሁ፤ የማውቀው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ መዝገብ ነው። እዚህ አገር የአካባቢ ምርጫ የሚሸነፈው ደጋፊ ማን እንደሆነና በየትኛው ቤት ቁጥር እንደሚኖር አውቆ፣ ሐሙስ፣ በምርጫው ዕለት፣ ከቤቱ ማውጣት ሲያቅት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የሚለዩበትን እግረ መንገዴን እጠቅሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መወዳደር ትችላላችሁ ወይ?

ዕድሜያችሁ ቢያንስ 18 መሆን አለበት። ዜግነታችሁ ብሪታንያዊ ወይም አይሪሽ ከሆነ ችግር የለም። የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች ኅብረት) አገር ዜጋም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ይወዳደራል፤ አንዳንድ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችም እንዲሁ። ኢትዮጵያም ኤርትራም የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆኑ፣ የሐበሻ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው እንግሊዝ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢኖርና የካውንስል ታክሱን አንድ ወር ሳያጎድል ቢከፍል እንኳ አይመርጥም፣ አይመረጥም። ኬንያዊው ጎረቤቱ ግን በመጣ በዓመቱ ሊመርጥ ይችላል። ይህ ለብዙ ወገኖቻችን እንግዳ ነገር ነው፤ በር ላይ ስታገኟቸው እንዳትሳቀቁ ቀድማችሁ እወቁት። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ንገሩት፦ ስኮትላንድና ዌልስ በ2020 እና ከዚያ በኋላ ሕጋቸውን ቀይረው፣ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የማንኛውም አገር ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅደዋል። የመምረጫ ዕድሜውም እዚያ 16 ነው።

ከዜግነቱ ሌላ ከአካባቢው ጋር የሚያያይዛችሁ ነገር ያስፈልጋል። አራት መንገድ አለ፦ በዚያ ካውንስል መራጭ ሆኖ መመዝገብ፣ ላለፉት 12 ወራት እዚያ መኖር፣ ለ12 ወራት ዋና ሥራን እዚያ መሥራት፣ ወይም ለ12 ወራት በባለቤትነት ወይም በኪራይ እዚያ ቤት ወይም ቦታ መያዝ። አንዱ ቢበቃም ሁለት ሦስቱ ካላችሁ ሁሉንም ጻፉ። አንዱ ቢፈርስ ሌላው ይይዛችኋል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። ያው ካውንስል ከቀጠራችሁ መወዳደር አትችሉም። እኛ ደግሞ በብዛት የምንሠራው የት ነው? በትምህርት ቤት ማብሰያ ቤት፣ በቤት ለቤት አስታማሚነት፣ በመኪና ማቆሚያ ቅጣት። ደመወዙን የሚከፍለው ካውንስሉ ራሱ ነው ወይስ ተቋራጭ ድርጅት? የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡና አሠሪ በሚለው ቦታ ማን እንደተጻፈ እዩ፤ ካጠራጠራችሁ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ባለፉት አምስት ዓመታት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ሰውም፣ ፍርዱ ተገድቦለት ወኅኒ ባይገባ እንኳ፣ አይወዳደርም።

ፓርቲ ወይስ በግል

በግል መወዳደር ቀላል ይመስላል። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከስማችሁ ጎን የሚጻፈው «የግል ዕጩ» የሚል ብቻ ነው፤ ወይም ባዶ ይተዋል። ሌላ መግለጫ አይፈቀድም። መንደር ውስጥ ሁሉ የሚያውቃችሁ ከሆነ ይሠራል። አሥር ሺሕ መራጭ ባለበት የለንደን ዋርድ ግን አብዛኛው ሰው የሚያነበው የፓርቲውን አርማ ነው።

ፓርቲ ከመረጣችሁ ዋናው ምርጫ ከግንቦቱ የሕዝብ ምርጫ በፊት ፓርቲው ውስጥ የሚካሄደው ነው። መጀመሪያ አባል መሆን፤ ፓርቲዎቹ በአብዛኛው ለተወሰኑ ወራት አባል የሆነ ሰው ይፈልጋሉ። ከዚያ የብቃት ቃለ መጠይቅ አለ፤ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ካውንስሉ በጀት ሲቆርጥ የቡድኑን ውሳኔ ትቀበላለህ ወይ?» ይላሉ። ካለፋችሁ የዋርዱ አባላት ተሰብስበው ይመርጣሉ። አንድ ፓርቲ በማይሸነፍበት ዋርድ ውስጥ ካውንስለሩን፣ የምክር ቤቱን አባል፣ የሚሾሙት በእውነቱ እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴ አሥራ አምስት አይሞሉም። አንድ ፓርቲ ውስጥ ሳለሁ ወንበሩ የእኔ እንደሆነ ወር ሙሉ ተነግሮኝ፣ ማታ ስብሰባው ላይ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው ስድስት አባላት መጥተው ለሌላ ሰው እጅ አወጡ። ሕጉን አልጣሱም፤ አባላት ናቸው። እኔ ነኝ የአባላቱን ቤት ሳላንኳኳ የሄድኩት። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ለእያንዳንዱ አባል ደውሉ፣ ከተቻለም ሂዱ። ተቀናቃኛችሁም እየሄደ ነው።

ማንም ያሸንፋል ብሎ በማይጠብቅበት ዋርድ፣ የፓርቲው አርማ ወረቀቱ ላይ እንዳይጠፋ ብቻ የሚቆም ሰው «የወረቀት ዕጩ» ይባላል። ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ግን አንዳንዴ የወረቀት ዕጩ ያሸንፋል! አራት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስብሰባ ለመቀመጥ ዝግጁ ካልሆናችሁ አትፈርሙ።

ሰነዱ

የዕጩነት ቅጽ፣ የመኖሪያ አድራሻ ቅጽ፣ የፈቃደኝነት ቅጽ። ፓርቲ ካላችሁ በዚያ ላይ የፓርቲው ፈቃድ የምስክር ወረቀትና የአርማ መጠየቂያ ይጨመራል። ከምርጫው ዕለት በፊት ባለው 19ኛው የሥራ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በፈረንጆች አራት ሰዓት፣ በፊት በእጅ መግባት አለበት። በአንድ ደቂቃ ቢያልፍ አለቀ፤ ልመና አይሠራም። ለፓርላማ የሚያዘው 500 ፓውንድ ማስያዣ ለካውንስል የለም።

የሚፈርሙላችሁ ሁለት ሰዎች በዚያው ዋርድ የተመዘገቡ መራጮች መሆን አለባቸው። «ጎረቤቴ ነው» አይበቃም፤ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ዋርድ ሊሆን ይችላል። ስማቸውንና የመራጭ ቁጥራቸውን ከመዝገቡ ላይ ገልብጡ። ቅጹን ከቀነ ገደቡ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ወደ ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ውሰዱት፤ ስሕተት ካለ ያሳዩአችኋል፣ ለማረም ጊዜ ይኖራችኋል።

ስለ ስም አንድ ነገር። ዕጩዎች ወረቀቱ ላይ የሚደረደሩት በቤተሰብ ስም ፊደል ተራ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያታችሁ ስም በመጨረሻ ከተቀመጠ ወረቀቱም በእሱ ይደረድራችኋል፤ ሰው ደግሞ በአባታችሁ ስም ያውቃችኋል። በየዕለቱ የምትጠሩበት ስም የተለየ ከሆነ ቅጹ ላይ ለዚያ የተዘጋጀ ሣጥን አለ፤ ተጠቀሙበት። ሦስት ወንበር ባለው ዋርድ አንድ ፓርቲ ሦስት ዕጩ ሲያቀርብ፣ ስሙ ከታች የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጥቂት ድምፅ ይጎድለዋል። መራጩ ከላይ ጀምሮ ምልክት ያደርግና ይደክመዋል። አያታቸው አበበ የሚባሉ ሰዎች ታድለዋል።

ገንዘቡ

ወጪያችሁ ጣሪያ አለው፦ 960 ፓውንድና በዋርዱ ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ መራጭ 8 ፔንስ። አሥር ሺሕ መራጭ ካለ 1,760 ፓውንድ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በአንድ ወረቀት የምትቀሰቅሱ ከሆነ የእያንዳንዳችሁ ጣሪያ ይቀነሳል። ማተሚያ ቤት ያለው ዘመድ በነጻ ቢያትምላችሁም ሒሳቡ ላይ የሚመዘገበው የገበያው ዋጋ ነው።

ከ50 ፓውንድ በላይ የሆነ መዋጮ ሕጉ ከሚፈቅደው ሰው ብቻ ነው መቀበል የሚቻለው፤ ግለሰብ ከሆነ በብሪታንያ የመራጮች መዝገብ ላይ ያለ መሆን አለበት። ዋሽንግተን ያለው አጎታችሁ በኩራት ሁለት መቶ ፓውንድ ቢልክ አመስግናችሁ በ30 ቀን ውስጥ መልሱለት። እንዳይከፋው ቀድማችሁ ደውሉ፤ እኔ ሳልደውል መልሼ አንድ ዓመት አኩርፎኛል።

ዋናው ሥራ፦ መዝገቡና በሩ

ዕጩ ስትሆኑ የመራጮች መዝገቡን ሙሉ ቅጂና በፖስታ የሚመርጡትን ሰዎች ዝርዝር የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቅጽ ሞልታችሁ ወዲያው ጠይቁ። ከዚያ መዝገቡን በመንገድ በመንገድ፣ ጎደሎ ቁጥር በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥር በሌላ ወገን አድርጋችሁ አዘጋጁት።

ይህ አሠራር ታሪክ አለው። በ1945 ኢያን ሚካርዶ የተባለ የሌበር ፓርቲ ዕጩ ሬዲንግ ከተማን ሲያሸንፍ የተጠቀመበት ዘዴ ነው፦ ደጋፊዎችን በር ለበር መለየት፣ ስማቸውን በመንገድ መዝግቦ መያዝ፣ በምርጫው ቀን የመረጠውን እየሰረዙ ያልመረጠውን መቀስቀስ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ «ሬዲንግ ፓድ» ይባላል። አሁን ፓርቲዎቹ ሁሉ በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም አላቸው፤ ሐሳቡ ግን ያው የሚካርዶ ነው።

አራት ወይም አምስት ሆናችሁ ውጡ። አንዱ ዝርዝሩን ይይዛል፤ ሌሎቹ ያንኳኳሉ። ዝርዝር የያዘው «አንቺ 14፣ አንተ 16» እያለ ይልካል፣ መልሱን ይመዘግባል። ዕጩው ዝርዝር አይያዝ። በሥራ ቀን ከአመሻሹ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ጥሩ ነው። እሑድ ጠዋትን ለቅዳሴም ለእንቅልፍም ተዉት። ፎቅ ላይ ያሉ ቤቶች በሩ ዝግ ነው፤ ለፖስተኛና ለሠራተኛ የተተወው «ትሬድስ» የሚለው ቁልፍ ብዙ ቦታ እስከ እኩለ ቀን ይከፍታል፤ ካልሆነ አንድ ደጋፊ ከውስጥ ይክፈትላችሁ። በእኔ ልምድ አንድ ሰው በሰዓት ሠላሳ በር ያንኳኳል፣ ከሦስቱ አንዱ ይከፍታል።

በሩ ሲከፈት ሁለት ደቂቃ አላችሁ። ስማችሁን፣ ፓርቲያችሁን፣ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ጠይቁ፦ እዚህ መንገድ ላይ የሚያስቸግራችሁ ነገር ምንድን ነው? ሰምታችሁ ጻፉ። ስለ ዓለም ፖለቲካ አይደለም የሚነግሯችሁ። ቆሻሻው ሳይነሣ ሁለት ሳምንት እንደሆነው፣ የልጁ መኝታ ቤት ግድግዳ ሻጋታ እንዳበቀለ፣ የመንገድ መብራቱ ከገና ጀምሮ እንደጠፋ ነው። በመጨረሻ በቀጥታ ጠይቁ፦ በግንቦቱ ምርጫ ለእኛ ድምፅ ይሰጣሉ? እኛ ሐበሾች ይህን መጠየቅ ያሳፍረናል፤ ልመና ይመስለናል። ካልጠየቃችሁ ግን ያ በር ባዶ ነው።

መልሱን ወዲያው መዝግቡ፦ ቁርጥ ደጋፊ፣ ዘንበል ያለ፣ ተቃዋሚ፣ ያልተገኘ፣ የፖስታ መራጭ። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ ፊደል ነበር የምይዘው፤ አውቶቡስ ላይ ቢወድቅ ማንም አያነበውም ብዬ። ወኪሌ አንድ ማታ ዝርዝሩን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «እኔስ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። በነገራችን ላይ አውቶቡስ ላይ መጣሉ ቀልድ አይደለም፤ የሰው የግል መረጃ ነውና በሕግ ያስጠይቃል።

ከተቃዋሚ ጋር አትከራከሩ። «ሁሉም አንድ ናችሁ» ያለውን ሰው ለማሳመን ሃያ ደቂቃ ስትቆሙ፣ ከጎኑ ያሉት ስድስት ቤቶች መብራት አጥፍተው ይተኛሉ። አመስግናችሁ እለፉ። መልስ አተረጓጎምም መማር ያስፈልጋል። እንግሊዛዊ «አስብበታለሁ» ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እንቢ ማለቱ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ እንቢ አይልም።

የእኛን ቤት እንዴት እንደምታንኳኩ ልብ በሉ። መዝገቡ ላይ የሐበሻ ስም አይታችሁ በሩን ስትመቱ የሚሆነው ይህ ነው።

«እንደምን አመሹ እማማ፤ ለካውንስል የምወዳደር ነኝ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ...»

«ውይ የኔ ልጅ! በር ላይ ቆሞ ወሬ አለ እንዴ? ግባ፣ ግባ፤ ቡናው ሊወርድ ነው።»

ገባችሁ ማለት አቦል ጠጥታችሁ ቶናውን ሳትጠብቁ አትወጡም፣ በረካውም አለ፤ አንድ ሰዓት ሄደ። የመንገዱ ሌላ ወገን ሳይነካ ቀረ። መፍትሔው እንቢ ማለት አይደለም፤ ያ ነውር ነው። ያንን ቤት የምሽቱ መጨረሻ አድርጉት። ሁለት ሰዓት ሲሞላ አንኳኩ፣ ቡናውን በሰላም ጠጡ። ሲመርቋችሁም «አሜን» ብላችሁ፣ «እማማ፣ ተመዝግበዋል? የፎቶ መታወቂያዎን የት አስቀምጠዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምርቃትን «ቁርጥ ደጋፊ» ብላችሁ አትመዝግቡ። አዳራሹን አስታውሱ።

ወረቀቱ

በራሪ ወረቀት አጭር ይሁን፣ የመንገዱን ስም ይጥራ፣ አንድ ፎቶ ይኑረው። ከተቦረቦረ መንገድ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ በጣት እያመለከቱ ፎቶ መነሣት እዚህ አገር የሚቀለድበት ነገር ነው፤ ግን ሰው መንገዱን ያውቀዋልና ያነበዋል። ይህን ጥበብ ከሁሉ በፊት የተካኑት የሊበራል ፓርቲ ሰዎች ናቸው። በሊቨርፑል «ፎከስ» የሚል የሰፈር ወረቀት በየበሩ ማደል ጀመሩና፣ በ1970 ኢስትቦርን ላይ ባደረጉት ጉባኤ «የማኅበረሰብ ፖለቲካ»ን የፓርቲው መንገድ አድርገው አጸደቁት። «እዚህ ማሸነፍ የሚችሉት ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ናቸው» የሚለውን የድምፅ ንጽጽር የዘንግ ሥዕልም (ባር ቻርት) በየወረቀቱ የሚያወጡት እነሱ ናቸው፤ ሌሎቹም ቀድተዋቸዋል። ዘንጎቹን በማስመሪያ ለክቶ የሚያፌዝ ጋዜጠኛ አይጠፋምና ቁጥሩን በትክክል አስምሩ።

እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያተመው፣ ያሳተመውና የተሠራለት ሰው ስምና አድራሻ መኖር አለበት። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ይህ ግዴታ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉትንም ይመለከታል። በአማርኛ ብታትሙም ያው ነው፤ የአማርኛው ወረቀት ከእንግሊዝኛው የተለየ ተስፋ እንዳይሰጥም ተጠንቀቁ፤ የሚተረጉምለት አይጠፋም።

ለማደል ስትወጡ ከማድ ቤት ማማሰያ ይዛችሁ ሂዱ። የምሬን ነው። የእንግሊዝ በር የፖስታ ማስገቢያው ጠባብ ነው፣ ጠንካራ ብሩሽ አለው፣ ከብሩሹ ኋላ ደግሞ ውሻ አለ። ወረቀቱን በማማሰያው ጭራ ገፍታችሁ አስገቡ፤ ጣት አታስገቡ። ከወጣችሁ በኋላ የአጥሩን በር ዝጉ፤ ክፍት የተተወ በር ከየትኛውም ፖሊሲ በላይ ድምፅ ያሳጣል።

የማይነኩ ነገሮች

ለዚያ አዳራሽ አንዲት አክስቴ ዶሮ ወጥ በትልቅ ድስት ሠርታ መጥታ ነበር። ወኪሌ ክዳኑን ከፍተው ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እዚህ አገር ድምፅ ለማግኘት ሲባል መራጭን መጋበዝ ወንጀል ነው፤ መብል፣ መጠጥ፣ መዝናኛ ሁሉ ይገባበታል። ሻይና ብስኩት ማንንም አላስከሰሰም። ዶሮ ወጥ ከአሥራ ሁለት እንቁላል ጋር ግን ለዳኛ ማስረዳት አልፈልግም። ድስቱ ሳይከፈት ተመለሰ፤ ወኪሌ እስከ ዛሬ ሽታውን ያነሣሉ።

ሁለተኛው የሃይማኖት ነገር ነው። ምሥራቅ ለንደን፣ ታወር ሃምሌትስ ውስጥ በ2014 የተደረገው የከንቲባ ምርጫ በ2015 በምርጫ ፍርድ ቤት ተሽሯል። ከንቲባው ሉትፉር ራህማንም ለአምስት ዓመት ከምርጫ ታግደዋል፤ በ2022 ተወዳድረው ተመልሰዋል። ፍርድ ቤቱ ካገኛቸው ጥፋቶች አንዱ የሃይማኖት መሪዎች በመራጩ ላይ ያደረሱት መንፈሳዊ ጫና ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ በአብዛኛው በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ ስለሆነ አንድን ዕጩ ወይም ፓርቲ መደገፍ አይፈቀድለትም። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ «ልጃችንን ምረጡ» ቢሉ ለእናንተም ለደብሩም ችግር ነው። «ተመዝገቡ፣ ምረጡ» ቢሉ ግን በጎ ነው።

ሦስተኛው የፖስታ ድምፅ ነው። ከ2024 ግንቦት ወዲህ ቀስቃሽ የሆነ ሰው ከራሱ፣ ከቅርብ ቤተሰቡና ከሚያስታምመው ሰው በቀር የማንንም የፖስታ ድምፅ መያዝ አይችልም። አንዲት አሮጊት ፖስታውን ዘርግተው «አድርስልኝ ልጄ» ቢሉ እጃችሁን ኪስ ክተቱና አብራችኋቸው እስከ ፖስታ ሣጥኑ ሂዱ።

ቀነ ገደቦችና መታወቂያ

ለመራጭነት መመዝገብ፦ ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት። የፖስታ ድምፅ መጠየቅ፦ 11 የሥራ ቀን፣ እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት። ነጻውን የመራጭ መታወቂያ መጠየቅ፦ 6 የሥራ ቀን። የፖስታ ወረቀቶቹ ከሐሙሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድመው ቤት ይደርሳሉ፤ ብዙው ሰውም በደረሰው በቀናት ውስጥ ሞልቶ ይልካል። ስለዚህ የፖስታ መራጮችን በር ከሌላው ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ለእነሱ የምርጫው ቀን ያ ነው።

ከ2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያስፈልጋል። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ ይሆናል፤ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ፎቶው እስከመሰለ ድረስ ይቀበሉታል። የእኛ ሰው ችግር የስም አጻጻፍ ነው፦ ተስፋዬ መዝገቡ ላይ በአንድ መንገድ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሌላ። ትንሽ የፊደል ልዩነት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የአባት ስም አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ከጠፋ ግን ጭቅጭቅ ነው። በር ላይ ሳላችሁ አስተያዩላቸው።

ሌላም አስረዷቸው። ዋርዱ ሦስት ወንበር ካለው መራጩ እስከ ሦስት ምልክት ማድረግ ይችላል። ብዙ ሰው አንድ ብቻ አድርጎ ይወጣል። ስኮትላንድ ደግሞ ከ2007 ወዲህ ምልክት የለም፤ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ በምርጫ ቅደም ተከተል ቁጥር መስጠት ነው።

ሐሙስ

ጣቢያዎቹ ከንጋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት ክፍት ናቸው። ከዚያ በፊት በአሥራ ሁለት ሰዓት በቁርጥ ደጋፊዎች በር «እንደምን አደራችሁ፣ ምርጫው ዛሬ ነው» የሚል ወረቀት ገብቶ ማለቅ አለበት።

የአንድ ደጋፊ ሳሎን የዕለቱ ቢሮ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ በመንገድ የተደረደረው የደጋፊ ዝርዝር ይነጠፋል። ከየጣቢያው ደጃፍ ባለ ሪባን ሰዎቻችሁ ወንበር ይዘው ይቀመጡና የመረጡትን ሰዎች የመራጭ ቁጥር ይጠይቃሉ። ማን እንደመረጡ አይጠይቁም፤ ሰውም የመመለስ ግዴታ የለበትም። የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጣል፤ ቁጥር ትለዋወጣላችሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላም ትጋራላችሁ። ይህን መጀመሪያ ሳይ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር።

ቁጥሩ ሳሎኑ ሲደርስ የመረጠው ሰው ይሰረዛል። ከቀትር በኋላ ያልተሰረዙት በሮች እንደገና ይንኳኳሉ፤ ከአሥራ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ማታ ያለው ጊዜ ምርጫው ያለበት ነው። ክርክር የለም፣ ፖሊሲ የለም። «እማማ፣ መታወቂያዎን ይያዙ፣ መኪና አለ፣ እንሂድ።» ዝናብ ሲዘንብ፣ ኳስ በቴሌቪዥን ሲኖር፣ እግራችሁ ሲያብጥ ነው የሚበረታው። ለአንድ ድምፅ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ወይ ካላችሁ፣ በ2017 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ሳውዝ ብላይዝ የሆነውን እዩ። ሁለት ዕጩዎች እኩል 356 ድምፅ አገኙና ዕጣ በጭራሮ ወጣ። የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲው ዕጩ አጭሯን ስቦ ተሸነፈ፣ ፓርቲውም በአንድ ወንበር ጎድሎ ካውንስሉን ብቻውን የመያዝ ዕድሉን አጣ።

ቆጠራውና ከዚያ በኋላ

ኮሮጆዎቹ ሲከፈቱ ቆጣሪዎቹ ፊት ለፊት ቁሙ፤ መንካት አይፈቀድም፣ ማየት ግን መብታችሁ ነው። ወረቀቶቹ መጀመሪያ በቁጥር ሲመሳከሩ፣ ከየትኛው ጣቢያ ስንት እንዳገኛችሁ በእርሳስ ጭረት ያዙ፤ ለሚቀጥለው ዘመቻ ወርቅ ነው። አጠራጣሪ ወረቀት ሲነሣ የመራጩ ፍላጎት በግልጽ ከታየ ይቆጠራል፤ በመስቀል ፋንታ ፈገግ ያለ ፊት የሣለም ሰው አይቻለሁ።

ብታሸንፉም ብትሸነፉም ወጪያችሁን በ35 ቀን ውስጥ አሳውቁ። አንድ ሳንቲም ባታወጡም ባዶ ቅጽ ማስገባት ግዴታ ነው።

ከዚያ ምልክት የተደረገበትን መዝገብ ቅጂ ጠይቁ፤ መጠነኛ ክፍያ አለው። ማን ለማን እንደመረጠ አይናገርም፤ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ ግን ስም በስም ያሳያል። ከዝርዝራችሁ ጋር አስተያዩት፤ ደጋፊ ሆነው ያልወጡት ሰዎች የሚቀጥለው ዘመቻ የመጀመሪያ በሮች ናቸው። እኔ ከዚያ ከመጀመሪያው ሽንፈቴ በኋላ ከወኪሌ ጋር ቁጭ ብለን ዘጠኙን የአዳራሽ ሰዎች አንድ በአንድ ፈለግን። አራቱ መርጠዋል። ካልመረጡት አምስቱ አንዷ ያቺ እልልታውን ያቀለጠችው እህት ናት።